ቀያሹ አቶ ፈንታና የመካከሉ መንገድ

አቶ ፈንታ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። በከተማችን ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ክር ስመርጥ፣ ከኮላ ድባ የመጣች ሴት አጠገቤ አቡጀዲ ታስለካ ነበር። ነጋዴው ጨርቁን በሜትር ለክቶ መቀሱን ሲያነሳ፣ «ቆይ እንጂ፣ ደግመህ ለካው፤ አያ ፈንታ ነፍሳቸውን ይማርና ሦስት ጊዜ ሳይለኩ አያምኑም ነበር» አለችው።

«የትኛው ፈንታ?» አልኳት።

«ቀያሹ ናቸዋ። ምነው፣ ታውቂያቸው ኖሯል?»

ክሩን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ በአእምሮዬ የተመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የተቀበሩ ዕለት ዘንቦ ይሆን? ለሞተ ሰው የሚታሰብ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። እሳቸውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ግን ይህንኑ ሳያስብ የሚቀር አይመስለኝም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ከፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ግድግዳው ቢጫ በሆነ ሕንፃ ውስጥ፣ የከተማ ሥራ የሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። እኔ የታይፕ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። ጠረጴዛዬን ያስቀመጡልኝ ከቀያሹ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። አቶ ፈንታ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ሰው ነበሩ። በር ድንገት ሲከፈት ይደነግጡ ነበር። በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ በጣሊያን ጊዜ ደግሞ የቅየሳ እንጨት እየተሸከሙ ከመሐንዲሶች ኋላ ሲዞሩ ሙያውን እያዩ ቀሰሙት። መሐንዲሶቹ ሲሄዱ ያንን ባለ ሦስት እግር የቅየሳ መሣሪያ አቁሞ ማየት የሚችል ሰው ሲፈለግ የተገኙት እሳቸው ናቸው።

የእሳቸውን ያህል የሚሠጋ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መሳቢያቸውን ይቆልፋሉ፤ ከበሩ ይመለሱና ይነቀንቁታል፤ ደረጃውን ከወረዱ በኋላ እንደገና ይመለሱና ይነቀንቁታል። አንድ ቁጥር ሲጽፉ፣ «ዘውዴ፣ እስቲ አንብቢልኝ» ይሉኛል። አነብላቸዋለሁ። «እስቲ እንደገና» ይላሉ። ማንኛውንም ፕላን መጀመሪያ በእርሳስ ይሠሩና አንድ ክረምት እስኪያልፍ ቀለም አያስነኩትም ነበር። «መሬት በበጋ የሚያሳይሽ ፊቱን ነው፤ ጠባዩን የምታይው በክረምት ነው» ይሉኝ ነበር። የክፍሉ ሠራተኞች «አያ ሥጋት» እያሉ ይጠሯቸዋል፤ እሳቸውም እየሰሙ ዝም ይላሉ።

አንድ ጊዜ፣ ከከተማው ወደ ቃሃ ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ አዲስ ሰፈር እንዲመሠረት ታዘዘ። ለመምህራን፣ ለጤና ሠራተኞችና ለጽሕፈት ቤት ሰዎች ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ቤቱ ሁሉ ቁጥር ያለው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ የሚጎበኘው ዘመናዊ ሰፈር እንዲሆን ተፈለገ። ሥራው ለአቶ ፈንታ ተሰጠ። ወራት ፈጀባቸው። በመጨረሻ ትልቁን ወረቀት በኃላፊያችን በባላምባራስ ይልማ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት፤ እኛም ከበን ቆምን።

ባላምባራስ ጣታቸውን በወረቀቱ መካከል አሳረፉ። ከሰፈሩ አናት እስከ ግርጌው ድረስ አርባ እርምጃ የሚሰፋ፣ ምንም ቤት ያልተሳለበት ስፍራ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መናፈሻ ነው፣ ባላምባራስ። በግራና በቀኝ ወይራና ጽድ ይተከልበታል፤ የድንጋይ መቀመጫም ይኖረዋል። ሰው ይሄድበታል፤ ማኪና ግን አይገባበትም።»

«ሰው ወዴት ነው የሚሄድበት?»

«የትም። ይሄድና ይመለሳል።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አቶ ፈንታ ግን እንደ ወትሮው ዝም አላሉም። «ትልልቅ ሰዎች ግቢ አላቸው» አሉ። «እዚህ የሚገቡት ግን ሁለት ክፍል ቤት ነው የሚያገኙት። መምህሩ ማታ ልጁን ይዞ የሚወጣበት፣ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ አሮጊት አረፍ የምትልበት ቦታ ያስፈልጋል። ይህ የሁሉም ግቢ ይሁን ብዬ ነው።»

ባላምባራስ ወረቀቱን ዞር ዞር እያሉ አዩት። እንግዶች ሲመጡ የሚያሳዩት ነገር እንደሆነ ገብቷቸው መሰለኝ፣ «ይሁን» አሉ።

በማግስቱ አቶ ፈንታ ወደ ተዳፋቱ ይዘውኝ ሄዱ። የማላውቀውን ነገር እንዳልተይብ ቦታውን በዓይኔ እንዳየው ፈልገው ነበር። እዚያ አያ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከብት ያሰማሩ ነበር። አቶ ፈንታ ሰላምታ ሰጥተው፣ «አያ ተሰማ፣ ያንን የነገሩኝን እስቲ ለዚች ልጅ ይንገሯት» አሏቸው።

ሽማግሌው በዱላቸው ሽቅብ ወደ ተራራው፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ወንዙ አመለከቱ። «በበጋ ሸጋ ቦታ ነው። ሣሩም ሸጋ ነው። ክረምት ግን አንዳንዴ ከላይ የመጣው ውሃ ሁሉ በዚህ በኩል ይወርዳል። ሁልጊዜ አይደለም። አባቴ አንድ ጊዜ አይቶታል፤ እኔም አንድ ጊዜ አይቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥጃ እንኳ እዚህ አሳድሬ አላውቅም።»

አቶ ፈንታ አርባ እርምጃውን የለኩት ሽማግሌው በዱላቸው ባመለከቱት መሬት ላይ ነበር። መናፈሻውን ከልባቸው ይፈልጉታል፤ ስለ መምህሩና ስለ አሮጊቷ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። ከዚህም ጋር ግን ውሃው በመጣ ቀን ሰው የማይተኛበት ቦታ አዘጋጅተውለታል።

ይህንን አራት ገጽ ሪፖርት አድርገው ጻፉት፤ እኔም በካርቦን ተየብኩት። ባላምባራስ ካነበቡት በኋላ ሁለታችንንም አስጠሩን።

«ሰፈሩን ውሃ ይወስደዋል የሚል ወረቀት ይዤ እንግዳ ፊት ልቆም ነው? አንድ ገበሬ ያወራውን ነገር! ይህ ይውጣ። መናፈሻ ይባል፤ በቃ።»

«መናፈሻው ግን እንዳለ ይቆያል?» አሉ አቶ ፈንታ።

«አልኩህ እኮ፣ ይቆያል።»

«እንግዲያው ይሁን» አሉ። እኔ ሪፖርቱን ከነቅጂው እንዳስወግድ ታዘዝኩ። ዋናውን ቀደድኩ። አንዱ የካርቦን ቅጂ ግን ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ቀርቶ ኖሮ ያገኘሁት ከወር በኋላ ነው። ያኔ መቅደዱም ማቆየቱም አስፈራኝና እንደነበረ ተውኩት።

በዚያው ሰሞን ፊታውራሪ አበጀ የሚባሉ ትልቅ ሰው ሴት ልጃቸውን አስካለን ለአንድ መምህር ዳሩ። ቤት ሊሠሩላት አስበው ፕላኑን ሊያዩ መጡ። መናፈሻው የሚጀምርበት የላይኛው ጫፍ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ቁልቁል ያለው አገር ሁሉ ይታያል። ፊታውራሪም ጣታቸውን እዚያው ላይ አሳረፉ።

«ይኸ ባዶ ነው፣ አይደል?» አሉ።

ለምን ባዶ እንደሆነ የሚናገር ወረቀት አልነበረም። ባላምባራስ ዓይናቸውን ወደ አቶ ፈንታ ሳያዞሩ፣ «ባዶ ነው» ብለው መለሱ።

የተሻሻለው ፕላን የቀያሽ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ባላምባራስ አምጥተው በአቶ ፈንታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። «አንድ ቤት ብቻ ነው፣ ፈንታ። ከዚያ በታች መናፈሻህ እንዳለ ነው። እምቢ ካልክም ከአዲስ አበባ ሌላ ቀያሽ ማስመጣት ይቻላል።» ወረቀቱ ሦስት ቀን እዚያው ቆየ። አቶ ፈንታ አምስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እርሳሳቸውን ቀረጹ፤ እርሳስ እንደማያስፈልጋቸው ትዝ ሲላቸው አስቀምጠው ብዕር አነሱና ፈረሙ።

ወጣት ነበርኩና ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም። «ምነው ፈረሙ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ፈራሁ» አሉ።

በሕይወቴ ብዙ ሰው ስለ ብዙ ነገር ሲያመካኝ ሰምቻለሁ፤ ልጆች አሉኝ፣ ታዝዤ ነው፣ ጊዜው ነው ሲል። አንድ ትልቅ ሰው ይህን አንድ ቃል ብቻ ተናግሮ ዝም ሲል ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤቱ በበጋው ተሠርቶ አለቀ። አስካለና ባሏ ገቡበት፤ እሷም ነፍሰ ጡር ነበረች። ሰኔ ሲገባ አቶ ፈንታ ሥራ መሥራት አቃታቸው። ዓይናቸው ከመስኮቱ አይነቀልም። ደመና ባየሁ ቁጥር እኔም ቀድሜ የማየው የእሳቸውን ፊት ሆነ። በረንዳው ላይ ጣሳ አስቀምጠው ዝናቡን በማስመሪያ ይለኩ ጀመር። ከሥራ ሲወጡ ወደ ቤታቸው በመሄድ ምትክ ወደ ተዳፋቱ ወርደው የአስካለን ቤት ግድግዳ ዙሪያውን ያያሉ። አንድ ቀን ከቤቱ በላይ ቦይ ሊቆፍሩ አካፋ ይዘው ሄደው ዘበኛው ሌባ መስለውት አባረራቸው።

ለመምህሩ ነገሩት። ሰውየው በትዕግሥት አዳመጣቸውና፣ «ቤቱን የሠሩልኝ አማቴ ናቸው፤ ምን ብዬ ልንገራቸው?» አላቸው። ወሬው ፊታውራሪ ዘንድ ሲደርስ፣ «ያ ሟርተኛ ከልጄ ደጅ ይራቅልኝ» የሚል መልእክት መጣ። ባላምባራስም ሁለተኛ እዚያ ቢታዩ ሥራቸውን እንደሚያጡ በሁላችን ፊት ነገሯቸው።

በሐምሌ መጨረሻ አስካለ ሴት ልጅ ወለደች። እኔ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ስል እሳቸው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«አራስ ናት» አሉኝ ቀስ ብለው። «አራስ እኮ መሮጥ አትችልም፣ ዘውዴ።»

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከምሳ እንደተመለስን፣ ከተማው ላይ ፀሐይ ነበር። አቶ ፈንታ ግን መስኮቱ ላይ ቆመው ቀሩ። ከላይ በተራራው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እዚህ ጠብታ አልወረደም፤ እሳቸውን ያስፈራቸውም ይኸው ነበር። ባርኔጣቸውን ሳያነሱ ወጡ። እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተከተልኳቸው። የመሥሪያ ቤት ሰው ኮቱን ለብሶ በፒያሳ ሲሮጥ ያዩ ሰዎች ቆመው ይስቁ ነበር።

ስንደርስ ቀጭን ካፊያ ጀምሯል። ቤቱ ውስጥ የአስካለ እናትና አራት አምስት ጎረቤት ሴቶች ገንፎ ይዘው ተቀምጠዋል። አቶ ፈንታ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ውጡ! ጎርፍ እየመጣ ነው! ልጅቷን አውጧት!» አሉ።

እናትየው ብድግ አሉ። «አራስ ቤት ወንድ ምን አገባው? አራስ በዚህ ዝናብ ወጥታ ብርድ ይምታት ነው የምትለው? ውጣ!»

«ለማርያም ብላችሁ፣ እመቤቴ፣ በኋላ እሰሩኝ፤ አሁን ግን ውጡ...»

ማንም አልተነሳም። አንዷ ሴት እንዲያውም ሳቀች። ያን ጊዜ ከላይ በኩል ብዙ የጭነት ማኪናዎች አንድ ላይ የሚመጡ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። አቶ ፈንታም ሰምተውታል። መጋረጃውን ገልጠው ገቡ፤ የተጠቀለለችውን ሕፃን ከአስካለ ጎን አንስተው ከኮታቸው ሥር ሸጎጧትና ሮጠው ወጡ። በሩ ሲከፈት የሚደነግጡት ሰው!

«ልጄን! ያዙት! ልጄን ወሰደ!»

አስካለ በባዶ እግሯ ተነስታ ወጣች። እናቷ፣ ሴቶቹ፣ እኔ፣ ዱላ የያዘው ዘበኛ፣ ሁላችንም ከኋላቸው። እሳቸው ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታው ነበር የሮጡት። ዘበኛው ደረሰባቸውና ጀርባቸውን ሁለቴ መታቸው። ሕፃኗ ላይ ጎንበስ አሉ እንጂ አልቆሙም። ለሦስተኛ ጊዜ ዱላውን ሲያነሳ ከኋላችን አንድ ነገር አየና እጁ አየር ላይ ቀረ።

ዞር ስንል ውሃው ደርሷል። ድንጋይና ግንድ እየገፋ ነበር የመጣው። መጀመሪያ ማድ ቤቱን ወሰደ። ከዚያ የኋላው ግድግዳ፣ አልጋው የተጠጋበት ግድግዳ፣ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ቆርቆሮውም በላዩ ላይ ተኛ። አቶ ፈንታ ተንበርክከው ሕፃኗን ለእናቷ ሰጡና፣ «ይቅር በይኝ፣ ፈርሜ ነው፤ ይቅር በይኝ» ይሉ ነበር። ምን እንደፈረሙ አስካለ አላወቀችም። ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጉልበታቸውን ትስም ነበር።

ከሳምንት በኋላ ፊታውራሪ መሥሪያ ቤታችን መጡ። ሁላችንም ተሰበሰብን። «ልጄንና የልጅ ልጄን ያተረፈልኝን ሰው በሰው ፊት ላመሰግን ነው የመጣሁት» አሉ። ባላምባራስ ቶሎ ብለው፣ «ቦታው አደገኛ መሆኑን የነገረን አልነበረም እንጂ፣ ፊታውራሪ፣ ብናውቅማ ኖሮ...» አሉ።

አቶ ፈንታ ዝም ቢሉ ኖሮ ምስጋናውን ተቀብለው፣ ሥራቸውም ሳይነካ ይኖሩ ነበር። ተነሱ።

«ተናግሬ ነበር» አሉ። «ያልኩት ከፕላኑ ይውጣ ተባልኩ፤ እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ውሃው አንድ ቀን እንደሚመጣ እያወቅሁ ቤቱ እንዲሠራ ፈረምኩ። ልጅዎን ከዚያ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ ፊታውራሪ፤ ያስገባኋትም እኔ ነኝ።»

«ውሸት ነው!» አሉ ባላምባራስ። «እስቲ አንድ የተጻፈ ነገር ያሳይ!»

ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ የካርቦኑን ቅጂ አመጣሁ። ፊታውራሪ፣ «አንብቢው» አሉኝ። አራቱንም ገጽ አነበብኩ። አያ ተሰማ ስለ ጥጃው የተናገሩት ላይ ስደርስ ፊታውራሪ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ስጨርስ፣ «ከእንግዲህ እዚያ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው» አሉና ወጡ።

ባላምባራስ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። አቶ ፈንታ እያወቁ አጥፍተዋል ተብለው ከሥራ ተሰናበቱ። ፊታውራሪ ላማልድልህ ብለው ቢልኩባቸው አልፈልግም አሉ። «ፍርዱ ልክ ነው» አሉኝ፤ ያን ጊዜ ካየኋቸው ጊዜ ሁሉ ይልቅ ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። ኮላ ድባ ዘመድ ስለነበራቸው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደዚያ ሊሄዱ ተሰናዱ።

በምትካቸው አንድ ወጣት ቀያሽ ከአዲስ አበባ መጣ። አቶ ፈንታ ጉዟቸውን አንድ ሳምንት አዘግይተው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ልጁን ይዘው ሰፈሩን ከችካል ችካል አዞሩት። ልጁ መጀመሪያ ፊቱን ያጠቁር ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ደብተር ይዞ ወጣ። ማታ ሲመለሱ እኔ ታይፑ ላይ ተቀምጬ እሳቸው ይነግሩኛል። ወረቀቱን ለሁለት ከፍለን፣ በግራ የሚያሠጋቸውን፣ በቀኝ መፍትሔውን ጻፍን።

የታችኛው ድልድይ ጠባብ ነው፤ ግንድ ቢዘጋው ውሃው ወደ ጎን ይወጣል። መፍትሔ፤ ከክረምት በፊት ይጠረግ። ጽዱ ለቤቶቹ ተጠግቶ ከተተከለ ሥሩ መሠረት ይገፋል። መፍትሔ፤ ስምንት እርምጃ ይራቅ። መቀመጫዎቹ ፀሐይ ከበዛባቸው አሮጊቶች አይቀመጡባቸውም። መፍትሔ፤ ዛፉ እስኪያድግ ዳስ ይጣልላቸው። እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስት ገጽ ሞላ።

«ሰው ይስቅብኛል ብለህ አትተው» አሉት ልጁን። «የምትፈራውን ጻፈው። አውጣው የሚልህ ሰው ካለም ማውጣቱን በፊርማው ያረጋግጥ።» ልጁ ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፈው።

በመጨረሻው ቀን የጭነት ማኪናው ዕቃቸውን ጭኖ ደጅ ላይ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ላዩ ላይ ወጥተዋል። አቶ ፈንታ ግን ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው፣ «አንድ ቀርቶኛል» አሉኝ። ወረቀቱን አስገባሁ። ቀስ ብለው ነገሩኝና ተየብኩት።

«ዛፎቹ ካደጉና ሰው በጥላቸው መቀመጥ ከለመደ በኋላ፣ ቦታው ለምን ክፍት እንደተተወ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም።»

ጣቴን ወደ ቀኙ ዓምድ አሻግሬ ጠበቅሁ። ማኪናው እንደገና ጮኸ። አቶ ፈንታ መስኮቱን፣ ከዚያ ወረቀቱን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«መፍትሔው ምን ልበል?» አልኳቸው።

«እሱን አላገኘሁትም» አሉኝ። እጄን ጨብጠው ደረጃውን ወረዱ።